ቅጠሉ በዝቶ አበባው የጠፋ ቡገንቪሊያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግቢ አበቦች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ከተሞቹ ጎረቤት ቢሆኑም ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ተክል ጠባዩ ይለወጣል። ስለዚህ መልሱን ከማንበብዎ በፊት የጠያቂውን ከተማ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የተከልኩት ቡገንቪሊያ አጥሩን አልፎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ አበባው ግን ዘንድሮ ከሁለት ዘለላ አላለፈም። በየማታው አንድ ባልዲ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ የልብስ እጣቢም ሲኖር አልደፋም፣ ለእሱ ነው። በየወሩ የፍየል ፍግና አንድ እፍኝ ዩሪያ አደርግለታለሁ። የጎረቤቴ ግን ማንም ሳይነካው ግንቡን አልብሶ ያብባል። ምን አጎደልኩበት?

መልስ፦ ያጎደሉት ነገር የለም፤ አብዝተውበት ነው። ቡገንቪሊያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መሬቱ ሲደርቅና ቀኑ ሲያጥር ማበብ የለመደ ተክል ነው። በየማታው ውኃ የሚያገኝ ከሆነ በጋ መግባቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዘላለም ክረምት ሆኖለት ቅጠልና ግንድ ይሠራል። በዚህ ላይ ዩሪያ ተጨመረ። የዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። የፍየል ፍጉም በየወሩ ሲሆን ያንኑ ሥራ ይሠራል። የጎረቤትዎ ተክል የሚያብበው ማንም ስላልነካው ነው።

ይህን ከራሱ ከተክሉ ላይ ማየት ይችላሉ። ቀጥ ብለው የተመዘዙትን ረዣዥም ቅርንጫፎች ይመልከቱ፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሣበት ብብት ውስጥ ጠንካራ እሾህ አለ። እሾሁና የአበባው ዘንግ የሚወጡት ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ዓይነት እምቡጥ ነው። ለማበብ ሁኔታው ካልተመቸው እምቡጡ እሾህ ሆኖ ይቀራል። ጣሪያዎ ላይ የወጣው ያ ሁሉ እሾህ አበባ ሊሆን ይችል የነበረ ነው።

ዩሪያውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ፍጉ በዓመት አንዴ፣ በበልግ መግቢያ፣ በደንብ የተብላላ አንድ ባልዲ ይበቃዋል። የልብስ እጣቢውን ጨርሶ ይተዉት፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ሶዲየም አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ውኃ እንዳይሰርግ ያደርጋል፣ የቅጠሉንም ጠርዝ ያቃጥላል። ብዙ ሰው አመድም ይጨምራል። አመድ ለኮምጣጣ አፈር መልካም ነው፤ ኖራ ለበዛበት ለድሬዳዋ አፈር ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ውኃውን ከባልዲ ወደ ጄሪካን ያሸጋግሩት። ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቦይ ይቆፍሩና፣ በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቀስ ብለው ያፍስሱበት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በሳምንት አንዴ ይሁን። በየማታው ጥቂት ጥቂት የሚሰጥ ውኃ የሚያርሰው ከላይ ያለችውን አንድ ስንዝር አፈር ነው፤ ሥሩም እዚያው ላይ ተሰብስቦ ይቀርና አንድ ቀን ውኃ ሲቋረጥ ተክሉ ይደነግጣል። በጥልቀት የጠጣ ተክል ግን ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል።

አበባውን የሚጠራው ሥራ የሚጀመረው ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። ወፍራም ጓንት ያድርጉና እነዚያን ረዣዥም ቅርንጫፎች ከመነሻቸው ሁለት ወይም ሦስት አንጓ አስቀርተው ይቁረጧቸው። ቡገንቪሊያ የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነውና ለአንድ የተቆረጠ ዘንግ ሁለትና ሦስት አዲስ ጫፍ ያወጣል። አዲሶቹ አንድ ስንዝር ያህል ሲደርሱ ውኃውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይከልክሉት። እዚህ ላይ ዓይንዎን ይጠቀሙ፤ ከሰዓት በኋላ ቢጠወልግና ማታ ቢቀና ሙቀቱ ነው፣ ይታገሡት። ጠዋትም ተዝለፍልፎ ካገኙት ግን ጠምቶታል፤ አንድ ጄሪካን ይስጡትና እንደገና ይጠብቁ። ከተቆረጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ኅዳር ላይ ማለት ነው፣ ቀለም ማየት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ መቀስ አያስጠጉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ «ላስተካክለው» ብሎ መከርከም የዓመቱን አበባ አጭዶ መጣል ነው። ጠንከር ያለው መግረዝ፣ ጣሪያውን የማስለቀቁ ሥራ፣ ዋናው አበባ ሲያልቅ የካቲት መጨረሻ ላይ ይሁን።

ማስጠማቱ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነና መሬት ላይ ለተተከለ ብቻ ነው። በማሰሮ ወይም በተቆረጠ ጄሪካን ያለው በድሬዳዋ ፀሐይ ሦስት ሳምንት አይቆይም፤ ለእሱ ከላይ ያለው አፈር ሁለት ጣት ጥልቀት እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም እምቢ ካለ ብርሃኑን ይመርምሩ። በቀን ቢያንስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በግንብ ሰሜናዊ ጎን የተተከለ ቡገንቪሊያ እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ጠግቦ፣ ማበብ በሚገባው ወራት ጥላ ውስጥ ይውላል። እንዲህ ያለውን ፍግም ውኃም አያድነው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል)፦ ድሬዳዋ ካለች እህቴ ቤት የቡገንቪሊያ ቁራጭ እያመጣሁ ሦስቴ ተከልኩ። ቅጠል ያወጣና «በቃ ያዘ» ስል፣ ከሳምንታት በኋላ ከሥሩ ጠቁሮ ይሞታል። አፈሩ ጥሩ ነው፣ ፍግ ቀላቅዬበታለሁ፣ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። እጄ ነው ወይስ የሐረር ብርድ?

መልስ፦ እጅዎ አይደለም፤ ብርዱ ግን ድርሻ አለው። የቡገንቪሊያ ቁራጭ ሥር እስኪያወጣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ቅጠሉ ግን ሥሩን አይጠብቅም። ግንዱ ውስጥ በተቀመጠው ስንቅ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ይህ ቅጠል ብዙ ሰው አታሏል። ሥር የሌለው ቁራጭ ውኃ መሳብ አይችልም፤ ጠዋትና ማታ የሚያፈሱት ውኃ የተቆረጠውን ጫፍ ሲያበሰብሰው፣ ፍጉ ደግሞ ለሚያበሰብሰው ሻጋታ ምግብ ይሆነዋል። ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉም ይጠወልጋል።

ዋናው አበባ ካለቀ በኋላ፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ፣ ብርዱ ሲለቅ ይቁረጡ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ቆዳው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ የተለወጠ፣ አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ለስላሳው አረንጓዴ ጫፍ ይበሰብሳል፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረውም ለጀማሪ አይመችም። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከሦስት ያላነሰ አንጓ ያለው ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ የላዩን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ እንዲህ ከሆነ የትኛው ጫፍ ወደ ታች እንደሚገባ አያምታታዎትም። ቢላዋው ስለታም ይሁን፤ የደነዘዘ ቢላ ቆዳውን ይጨፈልቀዋል፣ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቅጠሉን ሁሉ ይንቀሉ። ከድሬዳዋ ሲያመጡት እርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በፌስታል ይያዙት፤ የመኪና መስኮት ሥር ፀሐይ እንዳይመታው።

መትከያው ሁለት እጅ ታጥቦ የጠራ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ የተነፋ ብስባሽ ይሁን፤ ፍግ አይግባበት። ከታች የተበሳ የችግኝ ፖት ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል። ከአንጓዎቹ ሁለቱ አፈር ውስጥ እንዲገቡ አድርገው ይትከሉና አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡ። ከዚያ በኋላ በጣትዎ ነክተው ከላይ ደረቅ ሲሆን ብቻ ያርከፍክፉ። ሥር የሚያስወጣ የሆርሞን ዱቄት ከግብርና ዕቃ መደብር ካገኙ ይጠቀሙበት፤ በዚህ ተክል ላይ ልዩነቱ ይታያል። ሞቃትና ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ሐረር ላይ የድንጋይ ግንብ ሥር፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ በሚመልስበት ቦታ፣ ጥሩ ነው። በፕላስቲክ ከሸፈኑት ፀሐይ ፈጽሞ አይንካው፤ ይቀቀላል።

እየነቀሉ አይዩት። ሥሩ እንደ ክር ቀጭንና ተሰባሪ ነው፤ አንዴ ከተነቀነቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከፖቱ ቀዳዳ ነጭ ሥር ብቅ ሲል ያን ጊዜ ደርሷል። ወደ መሬት ሲያዛውሩትም ፖቱን በምላጭ ሰንጥቀው ከነአፈሩ ያስገቡት፤ አፈሩን ማራገፍ አይገባም። ከአሥር ቁራጭ አምስቱ ከያዘ ጥሩ ውጤት ነውና ከሚፈልጉት እጥፍ ይትከሉ።

ጁገል ውስጥ የሚያብብ ቡገንቪሊያ ያለው ጎረቤት ካለዎት ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ። ከታች ያለውን ቅርንጫፍ ወደ መሬት ያጎንብሱ፣ አፈር በሚነካበት ቦታ የታችኛውን ቆዳ በትንሹ ይፋቁ፣ አንድ ጋት ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። ቅርንጫፉ ከእናቱ ሳይለያይ እየጠጣ ሥር ያወጣል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ቆርጠው ይወስዱታል። ለትዕግሥተኛ ሰው የምንመክረው ይህንን ነው። ደግሞም ጠባብ መንገድ ላይ የሚያንዣብበውን ቅርንጫፍ ከሰው ራስ በላይ እየከረከሙ ያሳድጉት፤ እሾሁ ለሕፃናት ዓይን አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ከሐረር)፦ ሁለት ዓይነት ቡገንቪሊያ አለኝ። አንዱ እሾሁ የቆለፈ ነው፣ ሌላው ቀጭን። የተለያዩ ናቸው ወይስ የአንዱ ዕድሜ ነው?

መልስ፦ የተለያዩ መሆናቸው አይቀርም። ቅጠሉን ገልብጠው በጣትዎ ይዳስሱት። ከጀርባው ጠጉር ያለበት፣ ሰፊ፣ እሾሁ ወፍራምና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ስፔክታቢሊስ የሚባለው ነው፤ በብርታት ወደ ላይ የሚወጣ ነው፣ ሰፊ ግንብ ይፈልጋል። ቅጠሉ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ እሾሁ ቀጭንና አጭር ከሆነ ግላብራ ነው፤ ለማሰሮና ለትንሽ ግቢ የሚመቸው እሱ ነው። ቀለም ግን ለመለየት አይረዳም፤ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የተዳቀሉ ናቸው። ቀለም ያለው ወረቀት መሳዩ ነገር አበባው ሳይሆን ቅጠል መሆኑንም ልብ ይበሉ። ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተጣበቀችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት እውነተኛዋ አበባ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ቀይ ሂቢስከስ ተክያለሁ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ዝገት ይጠቅማል ተብዬ ሚስማር ቀበርኩበት፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ስለ ምልክቱ የሰጡን መግለጫ ትክክለኛ ስለሆነ መልሱ አይከብድም። ቢጫው ከአዲሱ ቅጠል ጀምሮ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ቢጫው ከታች፣ ካረጀው ቅጠል ቢጀምር የናይትሮጅን እጥረት ወይም የውኃ ብዛት እንላለን። በመርፌ የተጠቀጠቀ የሚመስል ነጠብጣብ ሆኖ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ቢኖረው ደግሞ ቀይ ሸረሪት መሰል ተባይ ነው፤ በደረቅ ሙቀት ይራባልና የቅጠሉን ጀርባ በውኃ ግፊት እየደጋገሙ ማጠብ ነው።

በድሬዳዋ ብረቱ ከአፈር ውስጥ አልጠፋም፤ ታስሮ ነው። የከተማው ውኃ ኖራ ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ባጠጡ ቁጥር ኖራ ይጨምራሉ፣ በኖራማ አፈር ውስጥ ደግሞ ብረት ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ይቀመጣል። አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ሚስማሩ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ ዝገት ራሱ የታሰረ ብረት ነው።

ለጊዜው ቅጠሉን የሚመልሰው የሚረጭ ብረት ነው፦ 5 ግራም ፌረስ ሰልፌት በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅጠሉ ላይ ይርጩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ቢያቃጥል ውኃውን ያብዙ። ልብስና ሲሚንቶ ላይ ከፈሰሰ የዝገት እድፍ ይተዋልና ይጠንቀቁ። በአፈር በኩል ለመስጠት ከፈለጉ ተራው ፌረስ ሰልፌት በኖራማ አፈር ውስጥ ቶሎ ይታሰራል፤ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ የሚል የተጻፈበትን የብረት ቼሌት፣ ማለትም በኖራ እንዳይታሰር ተደርጎ የተዘጋጀ ብረት፣ ይጠይቁና ማሸጊያው ላይ ባለው መጠን ይጠቀሙ።

ዘላቂው ግን ውኃው ነው። በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን በበርሜል ይያዙና ለሂቢስከሱ ይቆጥቡለት። ችግሩ ከጸናብዎት ከመሬቱ አውጥተው በትልቅ ማሰሮ፣ በብስባሽና በአሸዋ ያሳድጉት። ሂቢስከስ የባምያና የከርከዴ ዘመድ ነው፤ እንደ ቡገንቪሊያ ማስጠማት አይወድም፣ ውኃ ከተጓደለበት እምቡጡን ሳይከፍት ያራግፋል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦ ግቢያችን ውስጥ ቢጫ ጥሩምባ የሚመስል አበባ ያለው ቁጥቋጦ አለ። አንዱ ሰው «መርዝ ነው ቁረጡት» ይላል፣ ሌላው «ምንም አይልም» ይላል። ፍየሎችና ልጆች አሉን።

መልስ፦ ሁለቱም ሰዎች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ አበባ ያላቸው ሁለት ተክሎች አሉ። አንድ ቅጠል ይቁረጡ። ነጭ ወተት ከፈሰሰ፣ ቅጠሉ ነጠላ፣ ጠባብና ጫፉ ሹል ከሆነ፣ ፍሬው ደግሞ ማዕዘን ያለው አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል የሚጠቁር ከሆነ፣ ቢጫ ኦሊያንደር ነው። መላ አካሉ መርዝ ነው፣ ከሁሉም የከፋው ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ነው። መርዙ ልብን ያውካል፤ ጥቂት ዘር ሰው ሊገድል ይችላል። ወተት ከሌለው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ብዙ ትንንሽ ቅጠሎች ግራና ቀኝ ከተደረደሩበትና ፍሬው እንደ ባቄላ ረዥም ቀጭን ከሆነ ቴኮማ ነው፤ አያሰጋም፤ ዘሩ ግን በነፋስ እየበረረ ሜዳውን ይወርራልና ፍሬው ሳይፈነዳ ይቁረጡት።

ቢጫ ኦሊያንደር ሆኖ ከተገኘ፣ ልጆችና ፍየሎች ባሉበት ግቢ እንዲነቀል እንመክራለን። ጓንት ያድርጉ፤ ቅርንጫፉን አያቃጥሉት፣ ጭሱም ጎጂ ነው። ለፍየል በማይደርስበት ጉድጓድ ይቅበሩት፤ የደረቀውም ቅጠል መርዝነቱን አይለቅም። ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ቆዳ የሚመስል ቅጠሉ በአንጓው ዙሪያ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚቆመው ኦሊያንደርም እንደዚሁ ነው። ከዚህ ተክል መፋቂያ ወይም የሥጋ መጥበሻ እንጨት አይቆረጥም፤ ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው። የበላ ሰው ካለ አያስታውኩት፣ «ይለፈው» ብለውም አይጠብቁ፤ ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ያድርሱት። ቅርንጫፉ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)፦ ከቆላ ያመጡልኝ ግንዱ ያበጠ የበረሃ ጽጌረዳ ከታች እየለሰለሰ ነው። ይድናል?

መልስ፦ ልስላሴው ግንዱን ዞሮ ካልጨረሰው ይድናል። ነቅለው አፈሩን ያራግፉ፤ ቡናማውን ክፍል ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪገኝ ድረስ ይቁረጡት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ጥላ ውስጥ ሳይተከል ይድረቅ፤ ቁስሉ ቅርፊት መያዝ አለበት። ከዚያ ከግማሽ በላይ አሸዋ ባለበት አፈር፣ ከታች ብዙ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ይተክሉትና ለሁለት ሳምንት ውኃ አይስጡት። በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ ሞቷል ብለው አያጠጡት፤ ልማዱ ነው፣ ለብዙዎቹ መበስበስ ምክንያቱም ያ ውኃ ነው። ሌላ ከፈለጉ ከዱር ከማስነቀል ዘር ይጠይቁ፤ ከዘር የበቀለው ነው ግንዱ አምሮ የሚያብጠው። ወተቱን በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበት ነበርና ሲቆርጡ ዓይንዎን አይንኩ፤ ቢላዋውን በሳሙና አጥበው ከወጥ ቤቱ ቢላ ለይተው ያስቀምጡት።